አባቴ የመረቁት ጉዞ

ከአባቴ ጋር ስጣላም አንቱ እያልኩ ነው የምጣላው። ይህ ራሱ ያናድዳል። የተቆጣ ሰው «እባክዎን» ለማለት መገደድ የለበትም። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ግን በአብዛኛው እንዲህ ነው የኖርነው፤ እኔ እባክዎን እያልኩ ስጮህ፣ እሳቸው ስለ ራሺያ ጦር ሲያስረዱኝ።

ቤታችን አውስትራሊያ፣ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ነው፤ የኪራይ ቤት፣ ከኋላው የደረቀ ሣርና አንድ የልብስ ማስጫ ያለበት ጓሮ። ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ፣ የስልክ ቻርጀር የሚደርስበት ወንበር የአባቴ ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት እናቴ ስታርፍ ወደ እኔ አመጣኋቸው፤ ወንበሩን እንዲያርፉበት ብዬ ነበር የገዛሁት፣ እሳቸው ማዘዣ ጣቢያ አደረጉት። እኔ ማሪቢርኖንግ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ፣ የሰው አባት ሳጥብና ሳጎርስ ውዬ ስመለስ፣ የራሴ አባት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው አገኛቸዋለሁ።

«አባባ፣ ምሳ በሉ?»

«አንዲት መንደር ያዙ» ይሉኛል።

ምሳው ጠዋት ባስቀመጥኩበት፣ ማይክሮዌቩ ውስጥ፣ እንደተከደነ ነው።

አባቴ ታንከኛ ነበሩ። በደርግ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ሶቭየት ኅብረት ተልከው ሦስት ዓመት ተምረዋል። ተመልሰው በሰሜን ጦርነት ብዙ ዓመት አሳለፉ። ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው ቤት ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመጋዘን ጥበቃ ነበሩ። ስለ ሰሜን አንድም ቀን አውርተውን አያውቁም። ስለ ሶቭየት ግን እንቅልፍ እስኪወስደን ያወሩን ነበር፤ ስለ በረዶው፣ ከሌላው ሁሉ አብልጣ ሾርባ ስለምትጨምርላቸው የምግብ ቤት ሴትዮ፣ ካርታ ላይ በእርሳስ እያሰመሩ ስለሚያስተምሩ ሽማግሌ መኮንኖች። በሕይወታቸው ሰው አክብሮ የያዛቸው እዚያ ብቻ ይመስለኛል።

ስለዚህ የራሺያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር አባቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ጉልበታቸውን ማማረር ተዉ። በመጀመሪያው ሳምንት ያ ረጅም የታንክ ሰልፍ ወደ ዩክሬን ዋና ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ተገትሮ ሲቀር ዓለም ሁሉ ሳቀ፤ አባቴ «ማታለያ ነው» አሉ። ሰልፉ ወደ ኋላ ሲመለስ «ቦታ ለቆ ጊዜ መግዛት ይባላል፣ የድሮ ልማዳቸው ነው» አሉ። ሲያሸንፉ ጉልበት፣ ሲሸሹ ስልት፤ የሚሸነፉበት መንገድ አልነበረም። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ አንዳንዴ ልክ መሆናቸው ነው። ራሺያኖቹ መከላከያ መሥመር መቆፈር ሲጀምሩ፣ ሦስት ረድፍ ምሽግ፣ ከፊቱ ፈንጂ፣ ከኋላው መድፍ፣ «አሁን የሚያውቁትን ሥራ ያዙ፤ ይህንን ማንም በቶሎ አያልፈውም» አሉኝ። የዩክሬን ጦር በእነሱ በጋ መጥቶ ፈንጂው ላይ ሲቆም አንድ ሳምንት ሙሉ ጢማቸውን እየላጩ ያፏጩ ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ልሰቅል ስወጣ መቆንጠጫዎቹ የሉም። ተመልሼ ስገባ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሦስት ረድፍ ተሰልፈዋል።

«ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። «ስትራቴጂያቸው አይገባኝም ትያለሽ አይደል? ይሄውልሽ። ይኼኛው የመጀመሪያው እርከን ነው። ድሮ በታንክ ነበር፤ አሁን ድሮን ስላለ ሁለት ሦስት ሰው ሆነው በእግር ይሄዳሉ። ሥራቸው ቦታ መያዝ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መታየት። እነሱ ላይ ሲተኮስ የተኳሹ ቦታ ይታወቃል። ከዚያ መድፉ ይመጣል፣ ድሮኑ ይመጣል፣ ከአውሮፕላን የሚለቀቀው ትልቁ ቦምብ ይመጣል። ቀጥሎ ሁለተኛው እርከን ይገባል።»

«የመጀመሪያዎቹስ የት ይደርሳሉ?»

አባቴ ጠረጴዛውን አዩ። «ወጪ ነው» አሉ። «ትልቅ አገር ወጪ ይችላል። ሰው ጉልበት የሚመስለው የታንክ ብዛት ነው፣ ሚሳይል ነው፣ ኒውክሌር ነው። አይደለም። ጉልበት ወጪ መቻል ነው።»

መቆንጠጫዎቹን ሰብስቤ ልብሴን ልሰቅል ወጣሁ። እርጥቡ ልብስ ክንዴን አበስብሶት ነበር።

ይህን ትንታኔ እኔ ብቻ ብሰማው ኖሮ ችግር አልነበረም። አባቴ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ቮይስ ይልካሉ፤ ሰባት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ። እኔ ሳልከፍተው አልፈዋለሁ። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴም አትከፍተውም። አንድ ሰው ግን አንድም ሳያመልጠው ይሰማ ነበር፤ የእህቴ ልጅ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣ፣ ጠዋት ጠዋት ሲቪውን ይዞ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ልጅ ነው። የሚቆመው የአያቱን ድምፅ ጆሮው ውስጥ ከትቶ ነው። ጥያቄም ይልክላቸው ነበር፤ «አባባ፣ ድልድዩን ቢመቱት ስንቃቸው በየት ይገባል?» አባቴ «በባቡር» ብለው ይጀምሩና ሌላ ዐሥር ደቂቃ ይልካሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሌሚንግተን፣ ረጃጅሞቹ የመንግሥት ኪራይ ሕንፃዎች ሥር ወዳለው የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ አደርሳቸዋለሁ፤ እዚያ ያሉት ሻይ ጠጪዎች፣ ከወሎውም ከአዲስ አበባውም፣ «ጄኔራል መጡ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። አባቴ ሻምበል ሆነው ነው የቀሩት። ማዕረጉን በቀልድም ቢሆን የጨመሩላቸው ግን ያ መሰብሰቢያና ያ ልጅ ነበሩ፣ እና እኔ በዚህ አልቀናሁባቸውም። ተውኳቸው።

አንድ እሑድ፣ አዲስ አበባ ገና ሲነጋ፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ በቪዲዮ ደወለ። እኔ ድስት እያጠብኩ ነበር።

«አባባ፣ ተሳካልኝ። ራሺያ ልሄድ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት። ይመርቁኝ ብዬ ነው የደወልኩት።»

አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ። ለስልክ ሲነሡ አይቻቸው አላውቅም። ልጁ መናገሩን ቀጥሏል፤ ደላላ እንዳገኘለት፣ ሥራው የፋብሪካ ጥበቃ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ጥቂት ሳምንት እንደሚያሠለጥኑ። አባቴ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደገፉት፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ።

«የወጣህበት ይቅናህ። በሄድክበት መወደድን ይስጥህ። እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ። ባዕዱ ዘመድ ይሁንልህ። በሰላም ሄደህ በሰላም ለመመለስ ያብቃህ።»

በያንዳንዱ መካከል ልጁ አሜን ይላል። እኔም፣ እጄ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ከወጥ ቤት አሜን እል ነበር። ድምፄ እዚያ ድረስ ተሰምቷል፤ «አክስቴም አሜን አለችልኝ» ብሎ ሳቀ።

አባቴ «ራሺያ» ከሚለው በኋላ የተባለውን አልሰሙም። በእሳቸው ዘመን ራሺያ የሚሄደውን መንግሥት ይልከዋል፣ ጣቢያ ላይ ይቀበሉታል፣ አልጋና መጽሐፍ ይሰጡታል፣ ተምሮ ይመለሳል። ስልኩ ሲዘጋ ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ «ያቺን ሾርባ ይቀምሳታል» አሉኝ። እኔስ? እኔ ሰምቻለሁ። ጥበቃ፣ ደላላ፣ ሥልጠና፣ ሦስቱንም ቃል ሰምቻለሁ። ለኢንጂነር ጥበቃ ምን ይሠራለታል ብዬ አሰብኩና፣ ሥራ ከማጣት ይሻላል ብዬ ድስቱን ማጠብ ቀጠልኩ። ሁለት ደቂቃ ብጠይቅ ይበቃ ነበር። በማግስቱ የጠዋት ሺፍት ነበረብኝና ደክሞኝ ነበር፤ ምክንያቴ ይኼው ነው፣ ሌላ የለኝም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ እህቴ ደወለች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም፣ ተናዳ ነበር። ፎቶ ልካልኛለች፤ ልጁ የወታደር ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ጎኑ እንደሱ ጥቁር የሆኑ ሁለት ሰዎች ቆመው።

«እኔ እኮ ከልክዬው ነበር» አለችኝ። «ሁለት ወር ለምኜዋለሁ። ፓስፖርቱን ደብቄበት ነበር፣ ታውቂያለሽ? በመጨረሻ ‹አባባ ከመረቁኝ ትሰጪኛለሽ?› አለኝ። እሺ አልኩት። እሳቸው ወታደር ናቸው፣ የት ነው፣ ማን ነው የወሰደህ፣ ምን ፈረምክ ብለው ይጠይቁታል፣ ይከለክሉታል ብዬ። መርቀውት መጣ። አንቺም አሜን ብለሽለታል አሉ።»

አባቴ በመረቁት ነገር ላይ እናት ሁለተኛ ቃል አትናገርም፤ በእኛ ቤት ሥርዐቱ እንደዚያ ነው። ይህን እኔም አውቅ ነበር።

ስልኩን ይዤ ሳሎን ገባሁና ፎቶውን አፍንጫቸው ሥር አደረግሁላቸው።

«ይኼውልዎት። ሾርባዋን ሊቀምስ ነው።»

መነጽራቸውን አወረዱ። ብዙ አዩት። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የውጭ ሰው ግንባር አያሰልፉም። ከኋላ፣ ለመጋዘን፣ ለስንቅ ነው የሚያደርጉት።»

«አባባ፣ እባክዎን! ስድስት ሳምንት እንኳ ያልሠለጠነ፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ ቢሞት አገሩ የማይጠይቅለት ሰው ለምን ይፈለጋል? እስቲ ያስረዱኝ። ለሁሉም ነገር ስትራቴጂ ነበረዎት።»

መነጽራቸውን መልሰው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ከመቆንጠጫዎቹ የትኛው ነው እሱ?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። አባቴ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ፤ እራትም አልበሉም።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ሳምንታት የቢሮ ሳምንታት ነበሩ። የደላላው ስልክ ዝግ ነው። እህቴ አዲስ አበባ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ትመላለሳለች፤ አንዱ «በገዛ ፈቃዱ ነው የሄደው» ይላታል፣ ሌላው ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ ይላታል። እኔ በምሳ ዕረፍቴ የመጦሪያው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጬ ለዚህኛው አገር መሥሪያ ቤቶች እደውላለሁ፤ ሙዚቃ ያሰሙኛል፣ ያስጠብቁኛል፣ ከዚያ ዜግነቱን ይጠይቁኛል። አውስትራሊያዊ አለመሆኑን ስነግራቸው ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ ማዘናቸውን ይነግሩኛል፣ ይዘጋል። አንድ የድረ ገጽ ፎርም ሞልቼ ስጨርስ መጀመሪያ ገጽ ላይ መለሰኝ። የመኪናዬን መሪ በቡጢ መታሁት። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ አንዲት አሮጊት ላጥብ ገባሁ።

አባቴ ቮይስ መላክ አቆሙ። አንድ ቅዳሜ ፍሌሚንግተን ሳደርሳቸው አንዱ ሽማግሌ ከበሩ ላይ «ጄኔራል፣ ዛሬስ የት ደረሱ?» አላቸው። «አላውቅም» አሉ። ሻይ ሳይጠጡ መኪናው ውስጥ ተመልሰው ገቡና ቀበቷቸውን አሰሩ።

ልጁ የደወለው በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በማላውቀው ቁጥር። አባቴ ስልኬን ከእጄ ነጠቁኝ። እኔ «ጥለህ ና በሉት! ጥለህ ና በሉት!» እያልኩ ከጎናቸው እዘላለሁ። በእጃቸው ገፋ አደረጉኝና ድምፁን ከፈቱት።

«ፈረምክ?»

«ፈርሜያለሁ፣ አባባ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በነሱ። ሌላ ወረቀት አልነበረም።»

«መቼ ነው የምትንቀሳቀሱት?»

«ዐሥር ቀን ብለውናል። አባባ፣ ጥበቃ አይደለም።»

«አውቃለሁ።» አባቴ ሌላ ምንም አልጠየቁም። አልወቀሱትም፣ ይቅርታም አልጠየቁትም፤ ይቅርታ እንዲጠይቁ ፈልጌ ነበር። «አካፋ ሰጥተውሃል?»

«ትንሽዬ አለችኝ።»

«እሷን ከጠመንጃህ አብልጠህ ያዛት። የትም ቦታ አቁመው ዕረፍ ቢሉህ እንዳታርፍ። ቆፍር። ሁሉም ተኝቶ ብታይ አንተ ቆፍር። መጀመሪያ ተኝተህ፣ ከዚያ ተንበርክከህ፣ ከዚያ ቆመህ ነው የምትቆፍረው፤ ሲጠልቅ ወደ ጎን ቦርቡርበት፣ ከላይ የሚመጣው እንዳያገኝህ። ገባህ?»

«አልገባኝም፣ አባባ። ወደ ጎን እንዴት?»

መሥመሩ ተቋረጠ። መልሰን ብንደውል አይነሣም። መልእክት ግን ይገባል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ «ማታ ማታ ስልክ ይሰጡናል፣ ቪዲዮ ላኩልኝ» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ከጓሮ የብረት ድምፅ ይሰማል። ወጣሁ። አባቴ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ፣ ከዚያ የታመመ ጉልበታቸው ሥር ትራስ አድርገው፣ ከልብስ ማስጫው አጠገብ ሣሩን ገልጠው ይቆፍራሉ። በማግስቱ ሐሙስ የአከራዩ ኤጀንት ቤቱን የሚያይበት ኢንስፔክሽን ነበረብን። ለዚያ ኢንስፔክሽን ሁለት ቅዳሜ ሣር አጭጄ፣ ግድግዳ ጠርጌ፣ ምድጃ ፍቄያለሁ።

«አባባ! ቤቱ የሰው ነው እኮ! ነገ መጥተው ፎቶ ሊያነሡት ነው! ምን ልበላቸው?»

ቀና ብለው አላዩኝም። «ይህ አፈር መጥፎ ነው» አሉ። «ድንጋይ አለው። የዚያኛው አገር ጥቁር አፈር ነው፣ ካልረጠበ ወይ ካልቀዘቀዘ ይቀላል።»

«እባክዎን ይነሡ። ልብዎ ይቆማል።»

«ወደ ጎን እንዴት እንደሆነ አልገባውም። ማሳየት አለብኝ።» አካፋው ድንጋይ መታና እጃቸውን አሳመማቸው፤ መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ አሹት። ከዚያ፣ መሬቱን እያዩ፣ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገሩ። «በሰሜን እኔ ታንክ ውስጥ ነበርኩ። ልጆቹ ከፊቴ በእግራቸው ነበሩ። አዲስ ነው የሚመጡት፣ በሳምንት ያልቃሉ፣ ሌላ ይመጣል። መልካቸውን አላውቀውም፣ ጀርባቸውን ነው የማውቀው። አንድም ቀን ወርጄ ቆፍሩ አላልኳቸውም። የተማርኩት እንደዚያ ነበር፤ የመጀመሪያው እርከን አይቆፍርም፣ ይሄዳል።»

ያን ሁሉ ዓመት ሲያስተምሩን የኖሩት ጉልበት ይህ ነበር። የምጮህበት ነገር ሞልቶኝ ነበር፤ ስለ ምርቃቱ፣ ስለ እህቴ፣ ስለዚያ አሜን። እሳቸው መልሰው መቆፈር ጀመሩ። የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ጫማዬን አወለቅሁና አካፋውን ከእጃቸው ወሰድኩ። ስልኩን ሰጠኋቸው። እሳቸው እየቀረጹ ይናገራሉ፣ እኔ እቆፍራለሁ፤ ተኝቼ፣ ከዚያ ተንበርክኬ፣ ከዚያ ቆሜ። ጎረቤት ያለችው ቬትናማዊት ሴትዮ ከአጥሩ በላይ አየችን፣ ምን እንደምንተክል ጠየቀችን፣ መልስ ስታጣ ገባች።

ጉድጓዱ ወገቤ ድረስ ሲደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶብን ነበር። መዳፌ ተላልጦ ነበር።

«ይበቃል?» አልኩ።

«አይበቃም። እስከ ደረቱ መድረስ አለበት፣ ሲያጎነብስ አናቱ እንዳይታይ።»

«የእሱ ደረት ወይስ የእኔ?»

«የእሱ ነዋ።»

«ቁመቱ ስንት ነው?»

አባቴ መቅረጹን አቆሙ። እኔ ከአገር ስወጣ የታቀፍኩት ሕፃን ነበር። እሳቸው ሲመጡ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየነው በስልክ ነው፤ ፊቱን፣ አንዳንዴ ትከሻውን፤ ፎቶው እንኳ ከደረት በላይ ነበር። ካደገ ወዲህ ቆሞ አይተነው አናውቅም። አባቴ እጃቸውን አነሡና ክንዳቸው አጠገብ አየር ላይ አቆሙት፣ በዚያ ስላልረኩ ትንሽ ከፍ አደረጉት፣ መልሰው አወረዱት። እህቴን ልንጠይቃት እንችል ነበር። ግን ለምን እንደፈለግነው ምን ብለን እንነግራታለን?

«ትንሽ ጨምሪበት» አሉኝ።

ጨመርኩበት።